ኑማንሲያ፦ ምድርን የዞረችው የመጀመሪያዋ ብረት ለበስ መርከብ

የጦር መርከብ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በውጊያ ይለካል። ስንት መድፍ ነበራት? ማንን አሸነፈች? ማንስ አሰጠማት? የስፔኗን ኑማንሲያ በዚህ መለኪያ ብቻ ካየናት ግማሽ ታሪኳ ይቀራል። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አገልግላለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠላት አላሰጠማትም፣ ማርኮም አልወሰዳትም። ጎኗን የሸፈነው ብረት የተሠራበትን ሥራ በሚገባ ሠርቷል። መርከቧን ያስጨነቋት ነገሮች ግን ብረት የሚመልሳቸው አልነበሩም። የከሰል እጥረት፣ የባሕረተኞች ሕመም፣ የማድሪድ ፖለቲካ፣ የገዛ ሰዎቿ ቁጣ፣ በመጨረሻም እርጅና። ታሪኳን በዝርዝር ማየት የፈለግሁት ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ተሠራች?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንጨት የጦር መርከብ ዘመን እያበቃ ነበር። ምክንያቱ ፈንጂ ጥይት ነው። የድሮው ድፍን የብረት አሎሎ የመርከብን ጎን ይበሳ ነበር፤ አናጢ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ውጊያውም ይቀጥላል። ፈንጂው ግን ውስጥ ገብቶ ይፈነዳል፣ ያቃጥላል። እንጨት፣ ሸራና ባሩድ በሞላበት ቦታ እሳት ማለት ሞት ነው።

ፈረንሳይ በ1859 ግሏር የተባለችውን ብረት ለበስ መርከብ ወደ ባሕር አወረደች። በዓመቱ እንግሊዝ ዋሪየርን አወረደች። ከዚያ በኋላ ባሕር ኃይል አለኝ የሚል መንግሥት ሁሉ ብረት ለበስ ፍለጋ ሮጠ። በንግሥት ኢዛቤል 2ኛ የምትገዛው ስፔንም የተዳከመ ባሕር ኃይሏን እያደሰች ስለነበር ወደ ኋላ መቅረት አልፈለገች። ቴቱዋን የምትባለውን አገር ውስጥ፣ በፌሮል መሥራት ጀመረች። ኑማንሲያን ግን ለፈረንሳዮች ሰጠች። ሥራው በ1862 ቱሎን አጠገብ ባለው ላ ሴን የመርከብ መሥሪያ ተጀመረ። ኅዳር 19 ቀን 1863 ወደ ውሃ ወረደች። በ1864 መጨረሻ ተጠናቀቀች።

ስሟ የተወሰደው ከጥንቷ የኑማንሲያ ከተማ ነው። ይህች ከተማ ለሮማውያን አልገዛም ብላ ለዓመታት ከተዋጋች በኋላ በ133 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በከበባና በረሃብ ወደቀች። ለስፔኖች ስሙ እጅ አለመስጠት ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን አልተዉትም። አሁን በስሟ የምትጠራ ፍሪጌት፣ ማለትም የጦር መርከብ፣ አለቻቸው። በ2009 የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎችን ለመከላከል ወደኛ የአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ከመጡት የአውሮፓ መርከቦች መካከል እሷ ነበረችበት።

ወደ ቀድሞዋ እንመለስ። ርዝመቷ 96 ሜትር ያህል ነበር። ክብደቷ ከ7,000 ቶን ያልፋል። 40 መድፍ ተሸክማለች። 600 የሚጠጋ ሰው ይኖርባታል። በሞተር 12 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ሦስት ምሰሶና ሙሉ ሸራም ነበራት፤ የዚያ ዘመን ሞተር ከሰል በሊታ ስለነበር ሸራውን መተው የሚደፍር አልነበረም።

ትልቁ ነገር ጎኗ ነው። በውሃው ልክ ዙሪያዋን 13 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ታጥቃለች። መድፎቹ ያሉበት ክፍል 12 ሴንቲ ሜትር ብረት አለው። ከብረቱ ጀርባ ደግሞ ወፍራም የቲክ እንጨት ተደርድሯል። እንጨቱ ለጌጥ አይደለም። ጥይት ብረቱን ሲመታ ድንጋጤውን የሚውጠው እሱ ነው። ብረቱ ቢበሳ እንኳ የጥይቱን ጉልበት ጨርሶ ያስቀረዋል። ይህን እንጨት አስታውሱት፤ በኋላ በፔሩ ወደብ በካያኦ እናገኘዋለን።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። የፈረንሳዩዋ ግሏር አካሏ እንጨት ሆኖ ብረት የተለበጠባት ናት። የኑማንሲያ አካል ግን ራሱ ብረት ነው። ይህ ጥንካሬ ሰጣት። ጣጣም አመጣባት። የእንጨት መርከብን ሆድ በመዳብ ስለሚሸፍኑት የባሕር ሣርና ቀንድ አውጣ በቀላሉ አይጣበቅበትም። ብረትን በመዳብ መሸፈን ግን አይቻልም፤ በጨው ውሃ ውስጥ መዳቡ ብረቱን ያስበላዋል። ስለዚህ ኑማንሲያ ረጅም ጊዜ ባሕር ላይ በቆየች ቁጥር ሆዷ ሣር ያበቅላል፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ከሰል ፍጆታዋ ይጨምራል። ለማጽዳት ትልቅ ደረቅ መትከያ ያስፈልጋል። እሷ በምትላክበት የዓለም ጥግ ደግሞ እሷን የሚችል መትከያ አልነበረም።

አላስፈላጊው ጦርነት

በእኔ አስተያየት ኑማንሲያ የተላከችበት ጦርነት መጀመር ያልነበረበት ነው። ነገሩ የተነሳው በነሐሴ 1863 በሰሜናዊ ፔሩ፣ ታላምቦ በተባለ እርሻ ላይ ነው። ከስፔን በመጡ የባስክ ሰፋሪዎችና በአካባቢው ሰዎች መካከል ጠብ ተነሳ፤ ሰው ሞተ። ነገሩን ዳኛ ሊጨርሰው ይችል ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የስፔን መርከቦች ሳይንቲስቶችን ይዘው በፓሲፊክ ባሕር ዳርቻ ይዞሩ ነበር። ማድሪድም አጋጣሚውን ተጠቀመችበት።

ወደ ሊማ የተላከው ሰው በአምባሳደርነት አልመጣም። «የንግሥቲቱ ኮሚሳር» በሚል ማዕረግ መጣ። ይህ ማዕረግ አገር ለአገር የሚላክ ሰው ማዕረግ አይደለም፤ የቅኝ ግዛት ዘመን ሹመት ነው። ስፔን ደግሞ በዚያን ጊዜ የፔሩን ነጻነት በውል ገና አላወቀችም። ለፔሩ ሰዎች ይህ ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነበር። ተቃወሙ። የስፔን ጓድ፣ ማለትም አብረው የሚጓዙት የጦር መርከቦቿ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1864 የቺንቻ ደሴቶችን ያዘ። እነዚህ ትናንሽ ደሴቶች የወፍ ኩስ ክምር ናቸው። ኩሱ፣ ጓኖ የሚሉት ማለት ነው፣ ለአውሮፓ እርሻ ማዳበሪያ ሆኖ በውድ ይሸጣል። የፔሩ መንግሥት የእንጀራ ገመድ እሱ ነበር።

ኑማንሲያ የካቲት 4 ቀን 1865 ከካዲዝ ስትነሳ ድርድሩ በስምምነት ያለቀ ይመስል ነበር። አዛዧ ካስቶ ሜንዴስ ኑኜስ ነው፤ የቪጎ ተወላጅ፣ ዕድሜው 40 ዓመት። ያን ያህል ከባድ ብረት ለበስ መርከብ ውቅያኖስ አቋርጦ በማጄላን ወሽመጥ በኩል ፓሲፊክ ይደርሳል ብለው የማያምኑ የባሕር ሰዎች ብዙ ነበሩ። ብረት ለበስ መርከቦች የተሠሩት በአውሮፓ ዳርቻዎች አቅራቢያ ለመዋጋት ነው የሚል ግምት ነበር። እሷ ግን በኬፕ ቨርዴና በሞንቴቪዴኦ አድርጋ፣ ወሽመጡን አልፋ፣ በሚያዝያ መጨረሻ የቺሊ ወደብ ቫልፓራይሶ ደረሰች። በግንቦት መጀመሪያ ካያኦ ወደብ ላይ መልሕቅ ጣለች። ያኔ በዚያ ዳርቻ የሚወዳደራት መርከብ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የተከተለውን የስፔኑ ጓድ አዛዥ አድሚራል ሆሴ ማኑኤል ፓሬሃ አበላሸው። ቺሊ ለፔሩ አዝናለች፣ ለስፔን መርከቦችም ከሰል አልሸጥም ብላለች። ፓሬሃ በመስከረም 18 ቀን 1865፣ ያውም በቺሊ ብሔራዊ በዓል ቀን፣ 21 ጊዜ መድፍ ተኩሳችሁ ለባንዲራችን ሰላምታ ስጡ የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አቀረበ። ቺሊ ጦርነት አወጀች። በኅዳር የቺሊዋ ኤስሜራልዳ የስፔኗን ኮቫዶንጋ ማረከች። ፓሬሃ ይህን ሲሰማ ራሱን በሽጉጥ ገደለ። ሜንዴስ ኑኜስ የጓዱ አዛዥ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ፔሩ ከቺሊ ጎን ቆመች። ኢኳዶርና ቦሊቪያም ተከተሉ። በውጤቱ ከኢኳዶር እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ድረስ ለስፔን መርከብ የሚከፈት ወደብ ጠፋ። ከሰል የለም። ትኩስ ምግብ የለም። መጠገኛ የለም። ኑማንሲያ በዚያ ባሕር ኃይለኛዋ መርከብ ሆና ሳለ ለማደሪያ እንኳ የሚሆን ቦታ አልነበራትም።

በየካቲት 1866 የተባበሩት የፔሩና የቺሊ መርከቦች በደቡባዊ ቺሊ፣ በቺሎዌ ደሴቶች መካከል ተደበቁ። ሜንዴስ ኑኜስ ኑማንሲያንና ሌላዋን መርከብ ብላንካን ይዞ እስከዚያ ድረስ ፈለጋቸው። ካርታው በማይታመንበት ጠባብ መተላለፊያ ያን የሚያህል መርከብ ማስገባት ትልቅ ድፍረት ነበር። ጠላቶቹ ግን እሷ ልትገባ በማትችልበት ቦታ ነበሩ። ተመለሰ።

ከማድሪድ የመጣው ትእዛዝ ግን ቅጣት ይፈልጋል። ስለዚህ መጋቢት 31 ቀን 1866 ቫልፓራይሶ ተደበደበች። ወደቡ ምሽግ አልነበረውም። አንድም መድፍ መልስ አልሰጠም። ሕዝቡ ቀድሞ ስለተነገረው ወደ ኮረብታዎቹ ወጥቶ ነበር፤ የሞተው ሰው ጥቂት ነው። የጉምሩክ መጋዘኖቹ ግን ነደዱ። ከነደደው ዕቃ ብዙው ደግሞ የገለልተኛ አገር ነጋዴዎች ንብረት ነበር። እዚያ የነበሩት የአሜሪካና የእንግሊዝ አዛዦች ጉዳዩን ሊያስቆሙ ሞክረዋል። አሜሪካዊው ሮጀርስ እንግሊዞች አብረውት ከቆሙ ለመዋጋት ዝግጁ ነበር፤ እንግሊዞቹ አልፈለጉም። ኑማንሲያ ያን ቀን ጥበቃ ላይ ነበረች፤ ከተማዋን ያቃጠሉት የእንጨት ፍሪጌቶቹ ናቸው። ይህ ግን አዛዡን ከኃላፊነት አያወጣውም። ስፔን መርከብ የሌለው ክብር ክብር ከሌለው መርከብ ይሻላታል የሚለው ዝነኛ አባባል ለሜንዴስ ኑኜስ ይሰጣል። አባባሉን አከብረዋለሁ። ቫልፓራይሶ ላይ ግን ክብር አላይም።

ካያኦ፣ ግንቦት 2 ቀን 1866

ካያኦ ሌላ ነገር ነበር። እዚህ ጠላት መድፍ አለው። ፔሩ ከአውሮፓ የገዛቻቸውን አዳዲስ ግዙፍ መድፎች በዳርቻው ተክላለች። ብሌክሊ የተባሉት 500 ፓውንድ የሚመዝን ጥይት ይተኩሳሉ። አርምስትሮንግ የተባሉት 300 ፓውንድ ጥይት የሚተኩሱት ደግሞ በሁለት ብረት ለበስ ማማዎች ውስጥ ተቀምጠዋል። የኑማንሲያ መድፍ ጥይት 68 ፓውንድ ብቻ ነው። በቁጥር ስፔን ትበልጣለች፤ ሰባት መርከብና 250 ያህል መድፍ አላት። በጥይት ክብደት ግን ፔሩ ትበልጣለች።

ውጊያው እኩለ ቀን ገደማ ተጀመረ። ኑማንሲያ ከፊት ሆና ወደ ደቡቡ ምሽግ ቀረበች። ብዙም ሳይቆይ የላ መርሴድ ማማ ፈንድቶ በውስጡ የነበሩት አለቁ። ከሞቱት አንዱ የፔሩ የጦር ሚኒስትር ሆሴ ጋልቬስ ነው። ሚኒስትሩ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ ከተኳሾቹ ጋር መቆሙን ማንም የፔሩ ልጅ እስከ ዛሬ አይረሳውም።

የእንጨት መርከቦቹ ምን ገጠማቸው? ቪላ ደ ማድሪድ በአርምስትሮንግ ጥይት ቦይለሯ አካባቢ ተመትታ ቆመች፤ ሌላ መርከብ ጎትቶ አወጣት። ቤሬንጌላን የብሌክሊ ጥይት ከአንድ ጎኗ ገብቶ በሌላው ጎኗ ወጣ፤ ውሃ እየገባባት ከውጊያው ወጣች። አልማንሳ ውስጥ እሳት ተነስቶ ወደ ባሩድ ክፍሉ ተጠጋ። ካፒቴኗ ባሩዱን በውሃ ማጥለቅ እምቢ ብሎ እሳቱን አጥፍቶ ወደ ውጊያው ተመለሰ። በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእንጨት መርከብ ዘመን ማለቁን ሦስት ምስክሮች መሰከሩ ማለት ነው።

ኑማንሲያስ? ከ50 በላይ ጥይት መታት። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ብረቱን በሳው። እሱም ከኋላው ያለው እንጨት ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ከላይ አስታውሱት ያልኳችሁ እንጨት ይህ ነው። የላ ሴን መሐንዲሶች በወረቀት ላይ ያሰቡት በእውነተኛ ውጊያ፣ በዘመኑ በነበሩት ከባድ መድፎች ፊት ተፈትኖ አለፈ። ተኳሾቿ በብረቱ ጀርባ ሆነው እስከ መጨረሻው ተኮሱ።

አዛዡ ግን ብረቱ ጀርባ አልነበረም። በዚያ ዘመን መርከብ የሚመራው ከላይ፣ ከተከፈተው ድልድይ (የአዛዡ መቆሚያ) ላይ ቆሞ ነው። ሁሉን ለማየት ሌላ ቦታ የለም። ሜንዴስ ኑኜስ እዚያ ላይ ቆሞ ሳለ ጥይት ፈነዳ። ብዙ ቦታ ቆስሎ ደሙ እየፈሰሰ ወደ ታች ወረደ። ትእዛዙን ለኤታ ማዦር ሹሙ ለሚጌል ሎቦ አስረከበ። የመርከቧ ካፒቴን ሁዋን ባውቲስታ አንቴኬራ ውጊያውን ቀጠለ። ይህን ሎቦ የሚለውን ስም ያዙት።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ ስፔኖች ተኩስ አቁመው ወደ ሳን ሎሬንሶ ደሴት ሄዱ። 43 ሰው ሞቶባቸዋል። ስፔኖች ምሽጎቹን ዝም አሰኝተን ሄድን አሉ። ፔሩዎች አባረርናቸው አሉ። ማድሪድ ውስጥ የካያኦ አደባባይ አለ። ሊማ ውስጥ የሁለተኛው ግንቦት አደባባይ አለ። ሁለቱም ድል የሚዘክሩት የዚያኑ ቀን ነው። እኔ እንደማየው ግን ወደቡን ስፔን አልያዘችም፣ ለመያዝም ሰው አልነበራትም፤ ጓዱንም ፔሩ አልሰበረችም። የሰላም ውሉ ከፔሩ ጋር የተፈረመው በ1879፣ ከቺሊ ጋር በ1883 ነው።

ወደ ምዕራብ

ለእኔ የኑማንሲያ ትልቁ ሥራ ካያኦ አይደለም። ከካያኦ በኋላ ያለው ነው።

ግንቦት 10 ቀን 1866 ጓዱ ሙታኑን ሳን ሎሬንሶ ላይ ቀብሮ ለሁለት ተከፈለ። ሜንዴስ ኑኜስ ከፊሉን ይዞ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዞሮ ወደ አትላንቲክ ሄደ። ኑማንሲያ ግን በአንቴኬራ መሪነት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፊሊፒንስ እንድታመራ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ ፊሊፒንስ የስፔን ግዛት ስለሆነች እዚያ ወዳጅ ወደብ አለ። በመካከሉ ግን የዓለም ትልቁ ውቅያኖስ ተዘርግቷል።

ሠራተኞቹ ለወራት በደረቅ ምግብ ኖረዋል። ጨው የገባው ሥጋ፣ ደረቅ ብስኩት። ውጤቱ ስከርቪ ሆነ። ይህ በሽታ ከቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ ነው። ድድ ያብጣል፣ ይደማል፤ ጥርስ ይወዛወዛል፤ እግር ይጠቁራል፤ የዳነ ቁስል እንደገና ይከፈታል። ከካያኦ የቆሰሉ ሰዎች ላሉበት መርከብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። በ13 ሴንቲ ሜትር ብረት የታጠረች መርከብ ውስጥ ሰው በብርቱካን እጦት ይማቅቃል። በሰኔ መጨረሻ ታሂቲ፣ ፓፔቴ ሲደርሱ በመቶ የሚቆጠር ሰው ታሞ ነበር። እዚያ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት አገኙ። አገገሙ።

ሆዷ በሣር የተሸፈነው መርከብ በሸራና በጥቂት ከሰል እየተጎተተች መስከረም 8 ቀን 1866 ማኒላ ገባች። በጥር 1867 እንደገና ተነሳች። ባታቪያን፣ ማለትም የዛሬዋን ጃካርታን፣ ነክታ የሕንድ ውቅያኖስን አቋረጠች። የስዌዝ ቦይ የተከፈተው በ1869 ስለሆነ ያላት አማራጭ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ መዞር ነው። በሳንታ ሄሌና አልፋ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ከሜንዴስ ኑኜስ ጋር ተገናኘች። መስከረም 20 ቀን 1867 ካዲዝ ገባች። ከሁለት ዓመት ከሰባት ወር በላይ ቆይታ ነበር የተመለሰችው።

ከዚያ በፊት ምድርን የዞረ ብረት ለበስ መርከብ አልነበረም። ውስጧ በላቲን የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቀለላት፤ ምድርን በመጀመሪያ የዞረች ጥሩር የለበሰች መርከብ የሚል። ሰሌዳው ስለ መርከቧ ይናገራል። እኔ ግን የማስበው ስለ ከሰል ጨማሪዎቹ ነው። በምድር ወገብ ሙቀት፣ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ እሳት ፊት ቆመው አካፋ የያዙት እነሱ ናቸው። ብረት ለበስ መርከብ ውቅያኖስ አያቋርጥም የሚለውን ክርክር የዘጉት በእጃቸው ነው። ስማቸው ሰሌዳው ላይ የለም። ሜንዴስ ኑኜስም ዝናውን ብዙ አላየበትም፤ በ1869 በ45 ዓመቱ ሞተ።

ወንድም በወንድም ላይ

የላከቻት ንግሥት በ1868 በአብዮት ከዙፋን ወረደች። ስፔን አዲስ ንጉሥ ፈልጋ ከጣሊያን አማዴኦን አገኘች። እሱን ለማምጣት የተመረጠችው ኑማንሲያ ናት። ታኅሣሥ 30 ቀን 1870 ካርታሄና አደረሰችው። ንጉሥ ያደረገው ጄኔራል ፕሪም ማድሪድ ላይ ከሦስት ቀን በፊት በጥይት ተመትቶ ነበር፤ ንጉሡ በደረሰበት ዕለት ሞተ። አማዴኦ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ታግሶ በየካቲት 1873 ዘውዱን መለሰ። ሪፐብሊክ ታወጀ።

ሪፐብሊኩ ገና ሳይረጋ ሐምሌ 12 ቀን 1873 ካርታሄና አመፀች። አመፀኞቹ ስፔን ራሳቸውን በሚያስተዳድሩ ካንቶኖች ትከፈል የሚሉ ነበሩ፤ ማድሪድን አልጠበቁም፣ የራሳቸውን ካንቶን አወጁ። ካርታሄና ደግሞ የባሕር ኃይሉ ዋና ወደብ ናት። ኑማንሲያ፣ ቴቱዋን፣ ቪቶሪያና ሜንዴስ ኑኜስ፣ አዎ በስሙ የተሰየመችው፣ አራቱም ብረት ለበሶች በአመፀኞቹ እጅ ገቡ። መንግሥት እነዚህን መርከቦች የባሕር ወንበዴ ብሎ አወጀ። የጀርመንና የእንግሊዝ መርከቦችም ቪቶሪያንና አልማንሳን ያዙና በኋላ ለማድሪድ መለሱ። አብዛኞቹ መኮንኖች ወደ መንግሥት ስለሄዱ አመፀኞቹ መርከቦቹን በበጎ ፈቃደኞችና ከካርታሄና እስር ቤት በተፈቱ እስረኞች ሞሉ። ካያኦ ላይ የተዋጋችው መርከብ በመስከረም መጨረሻ አሊካንቴን፣ የራሷን አገር ከተማ፣ ደበደበች።

ጥቅምት 11 ቀን 1873 ፖርትማን አጠገብ ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ። በመንግሥት በኩል ያለው አድሚራል ማን ነበር? ሚጌል ሎቦ። ካያኦ ላይ ሜንዴስ ኑኜስ ሲቆስል፣ በዚያችው በኑማንሲያ ላይ፣ ትእዛዙን የተረከበው ሰው። አሁን ቪቶሪያ ላይ ሆኖ በድሮ መርከቡ ላይ ይተኩሳል። ድካሟን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ከፊቷ ቆመ።

ኑማንሲያ ከጓደኞቿ ስለምትፈጥን ብቻዋን ወደ ፊት ወጥታ በመንግሥት መርከቦች መካከል ገባች። ተመታች፣ መታች፣ ወጣች። በልምድ ያልተገሩት የካንቶኑ መርከቦች ግን መስመር መያዝ አልቻሉም። ወደ ካርታሄና ተመለሱ። እዚህም ብረቱ አልከዳትም። የጎደለው አብሮ የሚሄድ ጓድና የሠለጠነ ሰው ነበር። ሎቦም ቢሆን ድሉን አልተጠቀመበትም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሰል ፍለጋ ወደ ጂብራልታር ሄደ፣ ወዲያው ከሥልጣኑ ተነሳ።

በዚያው ጥቅምት አንድ ማታ ኑማንሲያ ከካንቶኑ ከራሱ መርከብ ከፈርናንዶ ኤል ካቶሊኮ ጋር ተጋጭታ አሰጠመቻት። ብዙ ሰው ሞተ። በረጅም ዕድሜዋ በቀጥታ ያሰጠመቻት መርከብ ይህች የወገን መርከብ ናት።

ካርታሄና በጥር 1874 ልትወድቅ ስትል የካንቶኑ መሪዎች፣ አንቶኔቴ ጋልቬስና ጄኔራል ኮንትሬራስ ጨምሮ፣ ከቤተሰቦችና ከተዋጊዎች ጋር በኑማንሲያ ላይ ተሳፈሩ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ነበር። ጥር 12 ቀን ማታ ወደቡን ከበው የቆሙትን መርከቦች ጥሳ አለፈች። ተከተሏት፤ አልደረሱባትም። በማግስቱ አልጄሪያ፣ ኦራን አጠገብ መርስ ኤል ከቢር ገባች። ፈረንሳዮች ሰዎቹን ትጥቅ አስፈትተው መርከቧን ለስፔን መለሱ።

እርጅና

ከዚህ በኋላ ታሪኳ ቶሎ ይሮጣል። መድፎቿ ተቀየሩ፤ 40ው ትናንሽ ወጥተው ጥቂት ትላልቅ ገቡ። በ1890ዎቹ ብረቷ ለአዲሱ መድፍ እንደ ቆርቆሮ ሆኖ ነበር። ወደ ተወለደችበት ወደ ላ ሴን ተመልሳ ለዳርቻ ጥበቃ ታደሰች። ስፔን በ1898 ከአሜሪካ ጋር ስትዋጋ እሷ ከውጊያው ሩቅ ነበረች። በዚያ ጦርነት በሳንቲያጎ ደ ኩባ ከነደዱት የስፔን መርከቦች ጋር አለመኖሯ ዕድል ነው።

የመጨረሻው ደም የፈሰሰባት በጠላት እጅ አይደለም። በነሐሴ 1911 ታንጂር ፊት ለፊት ቆማ ሳለ የተወሰኑ ባሕረተኞቿ ሪፐብሊክ ለማወጅ አመፁ። መኮንኖቹ በቶሎ ተቆጣጠሯቸው። የአመፁ መሪ የተባለው ከሰል ጨማሪው አንቶኒዮ ሳንቼስ ሞያ ነው። የጦር ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት፤ እዚያው መርከቧ ላይ ተረሸነ። ሌሎቹ ወደ እስር ቤት ሄዱ። ምድርን ባዞሯት ከሰል ጨማሪዎች ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ፍርዱ የከበደ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መርከቧም ፍርዱም በአንድነት ያረጁ ነበሩ።

በ1912 ከባሕር ኃይሉ መዝገብ ተሠረዘች። ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በታኅሣሥ 1916 ወደ ቢልባኦ እየተጎተተች ሳለ ማዕበል ተነሳ። በፖርቱጋል፣ ሴሲምብራ ዳርቻ ላይ ወጥታ ተሰበረች። ቅሪቷ እዚያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው፤ ጠላቂዎች ያዩታል።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። እንግሊዝ ዋሪየርን ጠግና በፖርትስመዝ ሙዚየም አድርጋለች። ፔሩም በዚያው ጦርነት መካከል ኑማንሲያን ለመቋቋም እንግሊዝ አገር ሁዋስካር የተባለች ብረት ለበስ አዝዛ ነበር። ሁዋስካር ፓሲፊክ የደረሰችው ኑማንሲያ ከሄደች በኋላ ስለሆነ ሳይገናኙ ቀሩ። በኋላ ቺሊ በሌላ ጦርነት ማረከቻት። ዛሬም ታልካዋኖ ወደብ ላይ ተንሳፍፋ ጎብኚ ትቀበላለች፤ ሁለቱም አገሮች ጀግኖቻቸውን ያስቡባታል። ምድርን ቀድማ የዞረችውን መርከብ ስፔን በ1912 ካዲዝ ወይም ካርታሄና ላይ አስራ ልታስቀምጣት ትችል ነበር። ሚዛን ላይ አውጥታ በብረት ዋጋ ሸጠቻት።